የተሸፈነው ፊት ፤ ስለ ሐሰተኛው ያዕቆብ

ከጥቂት ሳምንታት በፊት በአየር ጤና ሠፈር ፥ ከጅማ መንገድ ዳር ባለ በአንድ ወዳጃችን ቤት ለዝክር ተሰብስበን ሳለን ፥ ከእንግዶቹ አንዱ አንብቦ የጨረሰውን የወንጀል ልብ ወለድ ታሪክ ተረከልን። ታሪኩም አንድ ንጹሕ ሰው መልኩ ከነፍሰ ገዳይ ጋራ ስለ ተመሳሰለ በከተማው ኹሉ ሲሳደድ የሚያሳይ ነው። ዘበኛው ያው ነው አለ ፤ ባለሱቁ ያው ነው አለ ፤ የገዛ ጎረቤቱ ሳይቀር ተጠራጠረው። ተራኪው እዚህ ላይ በደረሰ ጊዜ በእጃችን የያዝነው ቡና እስኪበርድ ድረስ ኹላችን ጆሯችንን ሰጠነው። ነገር ግን በመጨረሻው ምዕራፍ እውነተኛው ነፍሰ ገዳይ በአንገቱ ላይ ጠባሳ እንዳለው ድንገት ታወቀ ፤ በተከሳሹ አንገት ላይ ጠባሳ አልተገኘም ፤ ሰውዬው ተፈታ ፤ መጽሐፉም በዚያው አለቀ።

በቤቱ የነበርን ኹሉ አንዳች ነገር እንደ ጎደለን ሰው ዝም አልን። ከዚህ በኋላ አንድ አረጋዊ ካህን ፥ ሰውዬው ነፍሰ ገዳዩ አለመሆኑን ደራሲው ነግሮናል ፤ ያ ኹሉ ሰው ግን እርሱ ነው ብሎ ስለ ምን እንዳመነ አልነገረንም ፤ እንግዲህ ታሪኩ አለቀ እንጂ አልተፈጸመም ብለው ተናገሩ።

ወደ ቤቴ ስመለስ ይህ ቃል በልቡናዬ ሲመላለስ ቆየ። በሀገራችን የታሪክ መጽሐፍም እንዲሁ ያለ ነገር እንዳለ ትዝ አለኝ። እርሱ ልብ ወለድ አይደለም ፤ ብዙ ደም የፈሰሰበት እውነተኛ ነገር ነው። በእርሱም ውስጥ የተሸፈነ ፊት ፥ የሚፈለግ ጠባሳ ፥ በመጨረሻም ጠባሳው ሳይገኝ ስለ ቀረ ነገሩ ኹሉ እንደ ተፈታ ተቈጥሮ የተዘጋ ታሪክ አለ። ይህም ንጉሥ ያዕቆብ ነኝ ብሎ በሐማሴን የተነሣው ሰው ታሪክ ነው። አንባቢ ሆይ ፥ ነገሩን ከሥሩ ጀምረን እንመልከተው።

ዐፄ ሠርፀ ድንግል እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ1597 ባረፉ ጊዜ መንግሥቱ ለጐልማሳ አልተላለፈም። እቴጌ ማርያም ሥናና ራስ አትናቴዎስ ከሌሎች መኳንንት ጋራ ሆነው የንጉሡን ልጅ ያዕቆብን አነገሡ ፤ ሕፃኑም በዚያን ጊዜ የሰባት ዓመት ልጅ ያህል ነበሩ። ሠርፀ ድንግል ዘውዱን ለወንድማቸው ልጅ ለዘድንግል ሊሰጡ አስበው ነበር ይባላል ፤ ነገር ግን ሕፃን ንጉሥ ለሞግዚት ይመቻልና የመኳንንቱ ምክር አሸነፈ። ያዕቆብ አድገው በገዛ ፈቃዳቸው ሊገዙ በጀመሩ ጊዜ በ1603 ራስ ዘሥላሴ ከዙፋን አውርደው ወደ እናርያ በግዞት ሰደዷቸው ፤ ዘድንግልም ነገሡ። የዘድንግል መንግሥት ከአንድ ዓመት ብዙ አላለፈም። የኢየሱሳውያኑን መምህር ጴጥሮስ ፓኤዝን ተቀብለው ወደ ሮማ ሃይማኖት አዘነበሉ ስለ ተባለ ፥ ጳጳሱ አቡነ ጴጥሮስ ሠራዊቱን ከመሐላው ፈቱት ፤ ንጉሡም በ1604 በጦር ሜዳ ወደቁ። ከዚህ በኋላ ያዕቆብ ከግዞት ተመልሰው ሁለተኛ ነገሡ። ነገር ግን የዐፄ ልብነ ድንግል የልጅ ልጅ ልጅ የሆኑት ፥ በልጅነታቸው በኦሮሞ መካከል ያደጉትና የጦርን ብልሃት ከዚያ የተማሩት ሱስንዮስ ፥ ዘውዱ ለእኔ ይገባል ብለው ተነሡ።

እንግዲህ አንባቢ ይህን ያስተውል። በዐሥር ዓመት ውስጥ ሦስት ሰዎች በዙፋኑ ላይ ተፈራረቁበት ፤ ከእነርሱም አንዱ ሁለት ጊዜ ወጣበት። ዛሬ የተማለለት ንጉሥ ነገ ግዞተኛ ነበረ ፤ ግዞተኛውም ከነገ ወዲያ ተመልሶ ንጉሥ ሆነ። እንዲህ ባለ ዘመን ጠፋ የተባለ ንጉሥ መመለሱ ለሰሚው ተአምር አልነበረም ፤ አንድ ጊዜ በዐይኑ ያየው ነገር ነበረና።

ሁለቱ ተፎካካሪዎች በመጋቢት 1599 ዓ.ም. በጎጃም ጎል በተባለው ስፍራ ተጋጠሙ። ድሉ የሱስንዮስ ሆነ ፤ ዐፄ ያዕቆብም የዐሥራ ሰባት ዓመት ወጣት ሳሉ በዚያ ሞቱ። አቡነ ጴጥሮስም ከንጉሡ ጋራ በጦሩ ሜዳ ሕይወታቸው አለፈ። ስለዚህ በጎል የወደቀው ንጉሥ ብቻ አይደለም ፤ ንጉሡንና ጳጳሱን በአንድ ቀን ያጣ ወገን ነበረ። ይህ ወገን የልቡን ኀዘን ወዴት ይውሰደው?

ብዙ ጊዜ ሳይቈይ ከጎል እጅግ በራቀ ሀገር ፥ ተከዜንና መረብን ተሻግሮ በሐማሴን ፥ አቡነ ፊልጶስ በዐሥራ አራተኛው መቶ ዓመት በመሠረቱት በደብረ ቢዘን አንድ ሰው ታየ። ይህ ገዳም ዛሬ በኤርትራ ይገኛል። ሰውዬው ፥ ያዕቆብ እኔ ነኝ ፤ ከጎል ቈስዬ አመለጥሁ እንጂ አልሞትሁም አለ። ፊቱን ግን ገልጦ አያሳይም ነበር። መንጋጋዬ በጦሩ ተሰብሯል ፥ ጥርሴም ረግፏል ፥ ለማየትም አስቀያሚ ነው እያለ የፊቱን እኩሌታ በጨርቅ ይሸፍን ነበር። ሰዎችም ወደ እርሱ ተሰበሰቡ ፤ ጭፍራውም በረከተ።

በዚህ ላይ ቆም ብለን የምንጠይቀው ጥያቄ አለ። ፊቱን የማያሳይ ሰው ንጉሥ ነኝ ቢል እንዴት ይታመናል? የዛሬ ሰው ሲሰማው ይስቃል። ነገር ግን የዚያን ዘመን ሥርዓት የሚያውቅ ሰው አይስቅም።

መጀመሪያ ነገር ፥ የንጉሥን ፊት የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነበረ። በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋራ ወደ ሀገራችን የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ፥ ዐፄ ልብነ ድንግል መልእክተኞችን ብዙ ጊዜ በመጋረጃ ውስጥ ሆነው ያነጋግሩ እንደ ነበረ ፥ በተገለጡም ጊዜ አፋቸውንና ጢማቸውን ሰማያዊ የሐር ጨርቅ ይጋርደው እንደ ነበረ ጽፏል። እንግዲህ ፊትን መሸፈን የወንጀለኛ ምልክት ሳይሆን የንጉሥ ክብር ነበረ። አስመሳዩ ሊሰወርበት የያዘው ጨርቅ ፥ በተመልካቹ ዐይን ዘውድን የሚመስል ነገር ሆነ። የገንዘብ ላይ ምስልም በዚያን ዘመን አልነበረም ፤ በየቤቱ የሚሰቀል ሥዕልም አልነበረም። ሕዝቡ ንጉሡን የሚያውቀው በስሙና በአዋጁ ነበረ እንጂ በመልኩ አልነበረም።

ሁለተኛ ፥ ያዕቆብ ሕፃን ሆነው ነገሡ ፤ በሞግዚቶች እጅ ተጋርደው አደጉ ፤ ከዚያም ወደ ደቡብ ምዕራብ ወደ እናርያ ተጋዙ። ሕፃንነታቸውን ያየ ሰው ቢኖር እንኳ የዐሥራ ሰባት ዓመቱን ጐልማሳ ለይቶ ለማወቅ ይቸገራል። ከልጅነት ወደ ጐልማሳነት የሚሄድ ፊት በየዓመቱ ይለወጣልና።

ሦስተኛውና ዋናው ፥ ሊያምኑ ይወዱ ነበር። ወዳጃቸውን የቀበረ ኹሉ ሞቱን ለማመን ይዘገያል ፤ ሬሳውን ያላየውማ እንዴት ይቸኩላል? በሐማሴን ተራራ ያለ ሰው በጎጃም ሜዳ የሆነውን የሚሰማው ከመንገደኛ አፍ ነው። አንዱ መንገደኛ ሞቷል ሲል ሌላው አምልጧል ቢል ፥ ልብ የወደደውን ይመርጣል።

በመጽሐፍ ቅዱስ የተጻፈው የያዕቆብ ነገር በዚህ ላይ ትዝ ይለናል ፤ የስሙ መግጠም ያስደንቃልና። ያ ያዕቆብ የፍየል ጠጕር በእጁና በአንገቱ ለብሶ ፥ የወንድሙን ልብስ ደርቦ ወደ ዕውሩ አባቱ ወደ ይስሐቅ ገባ። ይስሐቅ በድምፁ ተጠራጠረ ፤ ነገር ግን እጁን ዳሰሰ ፥ የልብሱንም ሽታ አሸተተና ባረከው። አንዱ ምስክር ፥ እርሱ አይደለም ሲል ሁለት ምስክሮች ፥ እርሱ ነው ስላሉ የሽማግሌው ፍርድ ወደ ብዙው አዘነበለ። የደብረ ቢዘኑ ሰው ግን ከዚያ ይልቅ ብልህ ነበረ። እርሱ ሐሰተኛ ምልክት አላሳየም ፤ ምልክቱን ኹሉ ሸፈነ። የተቀረውን የተመልካቹ ልብ ሞላለት።

ወሬው ትግሬን ይገዙ ወደ ነበሩት ወደ ሥዕለ ክርስቶስ ደረሰ። እርሳቸው ያደረጉት ነገር ከምስክር ኹሉ ይበልጣል። በሀገሩ ተወላጅ ጭፍራ አልታመኑም ፤ የገዛ ቤታቸውን ሰዎችና በትግሬ የነበሩትን ፖርቱጋሎች ይዘው ዘመቱ እንጂ። ገዥው የገዛ ጭፍራቸውን የጠረጠሩ በምን ምክንያት ነው? ወታደሩ ተሸፍኖ የተቀመጠውን ሰው ባየ ጊዜ ምናልባት ጌታዬ ነው ብሎ ጦሩን ይጥላል ብለው ስለ ፈሩ አይደለምን? ሦስት ጊዜ ገጠሙት ፤ ሦስት ጊዜም አሸነፉት ፤ እርሱ ግን በየጊዜው ወደ ሐማሴን ተራራ እያመለጠ ተሰወረ።

ዐፄ ሱስንዮስ በዚህ ጊዜ በሌላ ጦርነት ተይዘው ነበር። በርብ ወንዝ አጠገብ ከመረዋ ኦሮሞ ጋራ ተጋጥመው መጀመሪያ ተሸነፉ ፥ ኋላም አሸነፉ ፤ ኦሮሞዎቹም ተባብረው እንደ ገና ቢመጡ በጥር 1600 ዓ.ም. በእብናት ድል አደረጓቸው። ከዚያ በኋላ በልማልሞና በዋልድባ በኩል ወደ ሰሜን ዘምተው አክሱም ገቡ ፤ እንደ ቀደሙት ነገሥታት ሥርዓተ ንግሥ በዚያ ተፈጸመላቸው። ሥርዓቱንም የፖርቱጋሎች አለቃ የነበረው ዮሐንስ ገብርኤል በዐይኑ አይቶ ተናግሮታል።

ይህ የአክሱም ጕዞ ከንቱ ትምክሕት አልነበረም። በአንድ ሀገር ሁለት ሰዎች ንጉሥ ነኝ ሲሉ ፥ አንዱ ፊቱን ሸፍኖ በተራራ ላይ ተቀምጧል ፤ ሌላው በአክሱም ጽዮን በካህናትና በሕዝብ ፊት ዘውድ ይጭናል። ሱስንዮስ ለጥያቄው በአደባባይ መልስ ሰጡ ማለት ነው። ነገር ግን መልሱ ሳይበቃ ቀረ። ዘውድ የጫኑት ንጉሥ አስመሳዩን ሊይዙት አልቻሉምና ነገሩን ለሎሌያቸው ለአምሳለ ክርስቶስ ትተው ተመለሱ። ሐሰተኛውን መልክ ያሳደዱት ሁለቱ ሹማምንት ሥዕልና አምሳል የሚል ስም የያዙ መሆናቸው ለግዕዝ ዐዋቂ የሚያስገርም ግጥምጥሞሽ ነው።

አምሳለ ክርስቶስም በጦር ያልተቻለውን በምክር ሞከሩ። ከአስመሳዩ ጋራ የሸፈቱትን ሁለት ወንድማማቾች ወደ እርሳቸው ሳቡ። ወንድማማቾቹም ጌታችን ያሉትን ሰው ገደሉት ፤ ራሱም ተቈርጦ ወደ ዐፄ ሱስንዮስ ተላከ።

በ1770 ዓመተ ምሕረት ግድም ፥ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ነው ፥ በጎንደር የተቀመጠው የስኮትላንድ ሰው ያዕቆብ ብሩስ የነገሥታቱን ዜና መዋዕል ተከትሎ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ የታሪኩን ፍጻሜ ነግሮናል። ጨርቁ ከፊቱ በተነሣ ጊዜ ጠባሳ አልተገኘበትም ፤ መንጋጋው አልተሰበረም ፤ ጥርሱም አልረገፈም። የተሸፈነውም በጎል የሞቱትን ንጉሥ አለመምሰሉ እንዳይታወቅ ብቻ ነበር ይላል። ታሪኩ በዚህ ይዘጋል።

አንባቢ ሆይ ፥ ይህ ፍጻሜ በአየር ጤና ከሰማነው ልብ ወለድ ፍጻሜ ጋራ አንድ አይደለምን? ጠባሳ ተፈለገ ፤ ጠባሳ አልተገኘም ፤ በቃ። በእውነትም ሰውዬው ያዕቆብ አለመሆኑን አስረድቷል ፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን ብዙ ሰው የሞተው ፥ ጠባሳ አለ ወይስ የለም በሚል ጥያቄ አልነበረም። የተከተሉት ሰዎች ጠባሳውን አይተው አላመኑም ፤ ስለዚህ ጠባሳ አለመኖሩ እምነታቸውን አይፈታውም። ሁለቱ ወንድማማቾችስ ሰይፋቸውን ሲመዙ ሐሰተኛ እንደሚገድሉ ዐውቀው ነበርን? ወይስ ንጉሣችን ነው እያሉ ስለ ሹመት ገደሉት? አስመሳይን የገደለ ሰውና ንጉሤ ነው ያለውን አሳልፎ የሰጠ ሰው በእጃቸው ሥራ አንድ ናቸው ፤ በልባቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ይህን ታላቅ ነገር ትቶ ስለ ጥርስ የሚነግረን ፍጻሜ ደካማ ፍጻሜ ነው።

የድካሙም ምክንያት ግልጥ ነው። የተገለጠው ፊት ለአሸናፊው ወገን ይበቃዋል። አስመሳይ ነበረ ከተባለ ፥ የተከተሉት ሰዎች ተታለሉ ይባላል እንጂ ቅሬታ ነበራቸው አይባልም። ነገሩ የአንድ ሰው ተንኰል ይሆናል ፤ የብዙ ሰው ኀዘንና ቍጣ ከታሪክ ይወጣል።

እንዲህ ያለው ነገር በእኛ ሀገር ብቻ የሆነ አይምሰለን። ከሥዕለ ክርስቶስ ጋራ የዘመቱት ፖርቱጋሎች ፥ አባቶቻቸው በ1541 ከክርስቶፎሮስ ዳ ጋማ ጋራ የመጡት ፥ የራሳቸው ሀገር በዚሁ በሽታ ታማ ነበር። ንጉሣቸው ሰባስቲያን በ1578 በማሮክ ጦር ሜዳ ወደቀ ፤ በ1580 ዘውዱ ለእስፓኝ ንጉሥ ሆነ። ሕዝቡ ግን ሰባስቲያን ይመለሳል እያለ ጠበቀ ፤ ሰባስቲያን ነኝ የሚሉም እርስ በርሳቸው ተከታትለው ተነሡ ፤ ከእነርሱም አንዱ በእስፓኝ በማድሪጋል ከተማ የነበረ ጋጋሪ ሲሆን በ1595 ተሰቀለ። የተሰቀለው ሰው ጋጋሪ መሆኑ ታወቀ ፤ ተስፋው ግን አብሮት አልተሰቀለም።

በመስኮብ አገር የሆነውማ ከዚህ ይበልጣል። በ1591 በልጅነቱ የሞተው የንጉሥ ልጅ ዲሚትሪ እኔ ነኝ ያለ ሰው በ1605 ሞስኮ ገብቶ ነገሠ ፤ የሟቹ እናት ልጄ ነው ብላ ተቀበለችው። በ1606 በተገደለ ጊዜ ነገሩ አበቃ ተባለ። በዓመቱ ፥ ጎል በተዋጉበት በዚያው በ1607 ፥ ሁለተኛ ዲሚትሪ ተነሣ ፤ የመጀመሪያው ሚስትም ባሌ ነው ብላ ወደ እርሱ ገባች። እናትና ሚስት ፊት መለየት አቅቷቸው ነውን? አይደለም። እርሱ ነው ማለት በዚያ ሰዓት ሌላ ነገር ማለት ነበረ። ይኸውም ፥ የተቀመጠውን ገዥ አንፈልግም ፤ የተወሰደብንን እንሻለን ማለት ነበረ።

የሐማሴኑንም ነገር በዚህ ሚዛን ብንመዝነው ፍጻሜው በአስመሳዩ ራስ መቈረጥ ላይ አይሆንም። ዐፄ ሱስንዮስ ሐሰተኛውን ያዕቆብ ካጠፉ በኋላ ዐሥራ አራት ዓመት ያህል ቈይተው በ1622 የሮማን ሃይማኖት በአዋጅ ተቀበሉ። በአክሱም በአባቶቻቸው ሥርዓት የነገሡት ንጉሥ የአባቶቻቸውን ሃይማኖት ለቀቁ። ያን ጊዜ በሀገሩ ኹሉ ሁከት ሆነ ፤ ወንድም ከወንድሙ ተዋጋ። በሰኔ 1624 ዓ.ም. ሕዝቡ ወደ ቀድሞ ሃይማኖቱ እንዲመለስ አዋጅ አስነግረው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ተዉ። አስመሳዩ በተነሣበት ጊዜ ንጉሡ ገና ካቶሊክ አልሆኑምና ፥ የሐማሴን ሰዎች ይህን አስቀድመው ዐውቀው ሸፈቱ ማለት አይቻልም። ነገር ግን በዙፋኑና በሕዝቡ መካከል የጠፋው መተማመን በአንድ ራስ መቈረጥ እንዳልተመለሰ ኋላ የሆነው ያሳያል። ሕዝቡ ፊቱ የተሸፈነውን ሰው ንጉሥ ነው ብሎ ተሳሳተ ፤ ፊታቸው የተገለጠውንም ንጉሥ ልባቸው ወዴት እንዳለ ሳያውቅ ኖረ።

ይህን የምንጽፈው የጥንቱን ሰው ለመውቀስ አይደለም ፤ ስሕተቱ በእኛም ዘመን አለና። በ2008 ዓ.ም. አንድ የኤርትራ ወጣት በካርቱም ተይዞ ፥ ስደተኞችን በባሕር የሚያሻግሩ ሰዎች ታላቅ አለቃ እርሱ ነው ተብሎ ወደ ኢጣልያ ተላከ። ስሙ ከተፈላጊው ስም ጋራ በከፊል ይመሳሰል ነበር ፤ ፊቱ ግን አይመሳሰልም ነበር። ዘመዶቹ እርሱ አይደለም ብለው ጮኹ። ፎቶግራፍ ፥ ስልክና ብልሃተኛ መርማሪ ባለበት ዘመን ፥ የፓሌርሞ ፍርድ ቤት አለቃው እርሱ እንዳልሆነ ወስኖ ከእስር የለቀቀው በ2011 ዓ.ም. ነው ፤ ሦስት ዓመት ታስሮ ነበር። በዚያ ፊቱ የተሸፈነ ሰው አልነበረም ፤ የተሸፈነው የመርማሪዎቹ ዐይን ነበረ። ታላቅ አለቃ ያዝን ለማለት ልባቸው ቸኵሏልና። በሐማሴን ሐሰተኛው ሰው እውነተኛ ተባለ ፤ በፓሌርሞ እውነተኛው ሰው ሌላ ሰው ተባለ። የሁለቱም ሥር አንድ ነው ፤ ልብ አስቀድሞ ይፈርዳል ፥ ዐይንም የልብን ፍርድ ይፈርማል።

ስለዚህ ታሪክን የሚጽፍም ፥ ልብ ወለድ የሚደርስም ፥ በችሎት የሚፈርድም ሰው ፥ እርሱ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ጥያቄ በመለሰ ጊዜ ሥራው እንደ ተጋመሰ እንጂ እንዳላለቀ ይወቅ። የቀረው እኩሌታ ያመኑትን ሰዎች መጠየቅ ነው። ያጡት ምን ነበረ? የፈሩት ምን ነበረ? እርሱ ነው ባሉ ጊዜ የፈለጉት ማንን ነበረ? ዐፄ ሱስንዮስ የተላከላቸውን ራስ አይተው የሰውዬውን ፊት ዐወቁ። የተከተሉትን ሰዎች ፊት ገልጦ ያየላቸው ግን አልነበረም።

የአየር ጤናው አረጋዊ ካህን ታሪኩ አለቀ እንጂ አልተፈጸመም ያሉት ለዚህ ነው።